ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ የሀውስ ሸክላ ማውጣት፦ ከማስንቆ ቀረጻ እስከ መጨረሻው ካርቶን

ሰሞኑን ሶስት አራት ልጆች በየተራ "ሸክላ እንዴት ነው የሚወጣው? ደሞ እዚህ ሆኖ?" ብለው ጠይቀውኝ ለእያንዳንዳቸው በቮይስ ስመልስ ከረምኩ፣ በመጨረሻ ቁጭ ብዬ ሙሉውን አንዴ ልጻፈው አልኩ። አዎ ይቻላል። እኔ ቀበሌ 14 አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ሆኜ ነው በራሴ ሌብል (የአሳታሚ ስም) የመጀመሪያዋን የሀውስ፣ ማለትም የክለብ ዳንስ ሙዚቃ፣ 12 ኢንች ሸክላ ያወጣኋት፣ ማስንቆና ከበሮ ያለበት ሶስት ትራክ፣ 300 ኮፒ፣ ከሀሳቡ እስከ ካርቶኑ አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀብኝ፣ ግማሹ ጊዜ የሄደው ደግሞ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ በሳምንት በምጨርሳቸው ነገሮች ላይ ነው። እነሱን ነው የምጽፍላችሁ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ያዙልኝ። ኦንላይን የጫናችሁት ትራክ ላይ ስህተት ብታገኙ ታወርዱትና ሌላ ትጭናላችሁ፣ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ሸክላ ላይ እንደዛ የለም። አንዴ ከታተመ የባሱ ችግርም፣ የተሳሳተው ስምም፣ ያልተጻፈው የአዝማሪው ድርሻም 300 ጊዜ ተባዝቶ ሰው ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ለዛ ነው ከታች ያለው አብዛኛው ነገር ስለ ፋብሪካው ሳይሆን ፋብሪካ ከመድረሱ በፊት ስለሚሰራው ስራ የሆነው።

እዚህ ሀገር ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ የለም፣ እውነት ነው፣ ግን ይሄ አዲስ ችግር አይደለም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር፣ እሱ ግን ቴፑን ህንድ ድረስ ልኮ አሳትሞ አመጣው። ዛሬ ዓለም እየተሻማ የሚገዛቸው የዛ ዘመን ሸክላዎች እንደዛ ነው የተወለዱት። ከቅርብ ጊዜ ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ ያለ 1432 አር የሚባል ትንሽ ሌብል የነሚካኤል ሰይፉንና የነእንደገና ሙሉን ኤሌክትሮኒክ ስራ በሸክላ አውጥቷል። እኛም የምናደርገው ያንኑ ነው፣ በቴፕ ፈንታ ፋይል እንልካለን።

1. ቢቱን ከችክችካው ጋር ማስታረቅ

ሀውስ ከቺካጎ ነው የመጣው፣ ስሙም ዲጄ ፍራንኪ ናክልስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ያጫውትበት ከነበረው ዌርሀውስ ከሚባለው ክለብ ነው የተወሰደው። ኪኩ፣ ማለትም ወፍራሙ የድራም ምት፣ በየምቱ ይወድቃል፣ በደቂቃ ከ120 እስከ 126 ምት አካባቢ። የኛ ችክችካ ግን ስድስት በስምንት ነው። ብዙ ልጅ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፣ ላፕቶፑ የሚሰጠው ግሪድ አንዱን ምት ለአራት ስለሚከፍለው ከበሮውን እዛ ግሪድ ላይ ጎትቶ ያስቀምጠዋል፣ ከዛ ችክችካው ወታደራዊ ሰልፍ ይመስላል።

ግሪዱን ወደ ትሪፕሌት ቀይሩት። አንድ ኪክ ሶስት ቦታ ይይዛል፣ አራት ኪክ አስራ ሁለት፣ አስራ ሁለት ማለት ደግሞ ሁለት ሙሉ የችክችካ ዙር ነው። አሁን ኪኩ ትከሻ የሚወርድበት ቦታ ላይ በትክክል ይወድቃል፣ እስክስታ የሚወርድ ሰውም ክለብ የለመደ ሰውም በአንድ ትራክ ይጨፍራል። ኦፕን ሃይሃቱን (ክፍት የሚመታውን ሲምባል) በሀውስ ልማድ የምቱ እኩሌታ ላይ ካስቀመጣችሁት ግን ከከበሮው ጋር ይጣላል፣ ከሶስቱ ሶስተኛዋ ላይ አድርጉት።

ኮርድ ላይ ደሞ ተጠንቀቁ። ሀውስ ውስጥ የለመድነው ማይነር ሰባተኛ ኮርድ አንቺሆዬ ላይ ሲጫን ቅኝቱን ይገድለዋል፣ በቃ ይሞታል። እኔ ኮርዱን ትቼ ባስላይኑን ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ብቻ ነው የሰራሁት፣ ፓዱ (ከኋላ የሚዘረጋው ረጅም የኪቦርድ ድምፅ) ላይ ሁለት ድምፅ ብቻ። ማስንቆው ደግሞ በተለመደው የኪቦርድ መቃኛ በ440 ኸርዝ ተቃኝቶ አይመጣም፣ አዝማሪው ለራሱ ድምፅ እንደሚመቸው ነው የሚቃኘው። ማስንቆውን በፕለጊን (ላፕቶፕ ላይ ድምፅ በሚያስተካክል ፕሮግራም) እየጎተታችሁ አታስተካክሉ፣ ሲንቱን (ኤሌክትሮኒክ ኪቦርዱን) ወደ ማስንቆው አምጡት፣ የኔ 30 ሴንት፣ ከግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል፣ ወደ ታች ነበር የወረደው።

2. ቀረጻው፣ እና ከቀረጻው በፊት ያለው ወረቀት

ጊዜውን አስቡበት። ዐቢይ ጾም ሲገባ አዝማሪ ማስንቆውን ይሰቅላል፣ አዝማሪ ቤቱም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቀረጻውን ከጥምቀት በኋላ ባለው ጊዜ ጨርሱና ሁዳዴውን ለሚክስ ተጠቀሙበት። የቀኑ ሰዓት ደግሞ፣ ሐይቁ ዳር አካባቢ ከሆናችሁ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ድረስ ነው ጥሩው፣ ከሰዓት የጣና ንፋስ ይነሳና ቆርቆሮውን ያንኳኳል። አዝማሪ ቤት ውስጥ ማታ መቅዳት አትሞክሩ፣ ጭብጨባው ጥሩ ነው ግን ብርጭቆውም ወሬውም አብሮ ይገባል፣ ሸክላ ላይ ደሞ ማስንቆ ከወሬ መለየት አይቻልም።

ክፍሉን በፍራሽና በጋቢ ሸፍኑት። አንድ ማይክ ከማስንቆው ቆዳ 30 ወይ 40 ሴንቲሜትር ራቅ አድርጋችሁ፣ ትንሽ ከደጋኑ ዞር ብሎ፣ ያለበለዚያ የጭራው ፍትግታ ድምፁን ይበላዋል። ለአዝማሪው በጆሮ ማዳመጫ ክሊክ (ምት የሚቆጥር ድምፅ) አትስጡት። እኔ ሰጥቼ አይቻለሁ፣ ጣቱ ደነዘዘ። የከበሮ ሉፕ ብቻ ስሰጠው ግን ፈገግ አለና ሰባት ደቂቃ ሳያቋርጥ ተጫወተ፣ ትራኩ የተሰራው ከዛች ሰባት ደቂቃ ነው።

ስንጨርስ ማስንቆውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ምን አለኝ፦ "ልጄ፣ ስሜን ታነሳዋለህ ወይስ 'አዝማሪ' ብለህ ብቻ ነው የምትጽፈው?" ጋሼ ከዛ በፊት ብዙ ሰው ቀድቶት ሄዷል፣ አንዱም ተመልሶ አልመጣም። እኔ በዛን ሰዓት የውል ወረቀት አላዘጋጀሁም ነበር፣ በጣም ነው ያፈርኩት፣ ቀረጻውን ሳልነካ ቁጭ አድርጌ በሳምንቱ ወረቀት ይዤ ተመለስኩ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኙን ይጠብቃል፣ ከዋኝ ማለት አዝማሪውም ነው፣ የተቀዳውን አባዝቶ ለመሸጥ የሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ግን ሕጉ ባይኖርም እኮ ነገሩ ያው ነው። ውሉ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦ የትኛው ቀረጻ እንደሆነ፣ ለሸክላ ብቻ ነው ወይስ ለዲጂታልም፣ ስንት ኮፒ፣ ከትርፉ ስንት በመቶ፣ ስሙ የት የት ላይ እንደሚጻፍ፣ ለራሱ ስንት ኮፒ እንደሚሰጠው፣ ዳግም ህትመት ቢመጣ ምን እንደሚሆን። ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፣ ሁለት ምስክር ይፈርም፣ አንዱን ቅጂ እሱ ይያዘው። የቀኑን ክፍያ እዛው ስጡት፣ ድርሻው ከሱ በተጨማሪ ነው። የድሮ ሸክላ ላይ ሳምፕል ቆርጦ መጠቀም ለምትፈልጉም ያው ነው፣ ባለመብቱን ወይ ቤተሰቡን ፈልጋችሁ አስፈቅዱ፣ ካልተፈቀደ ራሳችሁ አስጫውቱት።

3. ለመርፌ ሚክስ ማድረግ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል ምክንያቱም ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው።

የሸክላ ቦይ የቪ ቅርጽ አለው። መርፌው ወደ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ግራና ቀኝ ስፒከር ላይ እኩል ያለው ድምፅ፣ ማለትም ሞኖው፣ ይወጣል። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ደግሞ መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። ባስ ትልቅ እንቅስቃሴ ነው። ባሱ ስቴሪዮ ከሆነ፣ ይባስ ብሎ ፌዙ ከተገለበጠ (ያንዱ ጎን ሞገድ ሲወጣ የሌላው ከወረደ)፣ ቦዩ በጣም ይጠልቅና መልሶ ወደ ምንም ይሳሳል፣ መርፌው ዘሎ ይወጣል። ስለዚህ ከ150 ኸርዝ በታች ያለው በሙሉ ሞኖ መሆን አለበት፣ ኪክ፣ ባስ፣ ከበሮ፣ ሁሉም። ይሄን የሚሰራ ፕለጊን ብዙ ነው፣ ነጻም አለ።

የኔ ስህተት ከበሮው ላይ ነበር። በሁለት ማይክ ቀዳሁት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ከኋላ ያለው ቆዳው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲሄድ ነው የሚሰማው፣ ፌዙ ተገልብጧል ማለት ነው። ላፕቶፕ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ሰፊና ቆንጆ ነበር የሚመስለው። ፋይሉን የላክሁለት ቆራጭ መሐንዲስ (ድምፁን ወደ ሸክላ ቦይ የሚቆርጠው ሰው) "ይሄን ብቆርጠው መርፌው ይዘላል" ብሎ መለሰልኝ፣ ሶስት ሳምንት ሄደ። እናንተ ሳትልኩ በፊት ሙሉ ሚክሱን ሞኖ አድርጋችሁ ስሙት። ሞኖ ሲሆን ከበሮው ከጠፋ ወይም ከቀጠነ ፌዙ ላይ ችግር አለ፣ ያንዱን ማይክ ፌዝ ገልብጡት ወይ አንዱን አውጡት።

ሁለተኛው ሹል ድምፅ ነው። ሸክላ ሲቆረጥ አርአይኤኤ በሚባለው ከርቭ መሰረት ባሱ ይቀነስና ከፍተኛው ድምፅ ይጨመራል፣ ማጫወቻው ደግሞ ሲያጫውት ያንን ይገለብጠዋል፣ ይሄ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ መለኪያ ሆኖ የቆየ አሰራር ነው። ማለትም ሃይሃታችሁ ገና ከመነሻው ሹል ከሆነ ቆራጩ ጋ ሲደርስ ብዙ እጥፍ ይሾላል። የ"ሰ" እና የ"ሸ" ድምፅም እንደዛው፣ አማርኛ ደሞ ሰ እና ሸ የሞላበት ነው፣ ግጥም ያለበት ትራክ ላይ ዲኤሰር (የሰን ሹልነት የሚቀንስ ፕለጊን) ሳታደርጉ እንዳትልኩ። የማስንቆው የላይኛው ፍትግታ ላይም ከ8 ሺህ ኸርዝ በላይ ቀስ ብላችሁ ቀንሱ።

ሶስተኛ፣ ማስተሩ (የመጨረሻው ፋይል) ላይ ሊሚተር (የድምፁን ጫፍ የሚጨምቅ ፕለጊን) አትጫኑ። ዲጂታል ላይ ድምፁ ትልቅ እንዲሆን ጨምቀን ጨምቀን ነው የምናወጣው፣ ሸክላ ላይ ግን ጩኸቱን የሚወስነው የቦዩ ስፋት ነው፣ የተጨመቀ ፋይል ቆራጩ ዝቅ አድርጎ ነው የሚቆርጠው፣ መጨረሻ ላይ ከሌላው ሸክላ ያነሰ ድምፅ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 3 ወይ 6 ዴሲቤል ላይ ይቁም።

4. ርዝመትና ቅደም ተከተል

12 ኢንች በ45 ፍጥነት ከሆነ በአንድ ፊት 9 ወይም 10 ደቂቃ፣ በ33 ከሆነ 12 እስከ 14 ደቂቃ ድረስ ጥሩ ጩኸት ታገኛላችሁ። ከዛ ካለፈ ቦዮቹ መጠጋጋት ስላለባቸው ድምፁ ይወርዳል፣ ዲጄ ደግሞ ድምፁ የወረደ ሸክላ አንዴ አጫውቶ ይመልሰዋል። እኔ ፊት ሀ ላይ አንድ ትራክ በ45፣ ፊት ለ ላይ ሁለት በ33 ነው ያደረግሁት። ሁለት ፍጥነት ከቀላቀላችሁ ሌብሉ (ሸክላው መሀል የሚለጠፈው ክብ ወረቀት) ላይ በትልቁ ጻፉት፣ ያለበለዚያ ማስንቆው የንብ ድምፅ ያወጣል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። በ33 ፍጥነት ሸክላው ጠርዝ ላይ ቦዩ ከመርፌው ስር በሰከንድ 50 ሴንቲሜትር አካባቢ ያልፋል፣ መሀል ሌብሉ ጋ ሲደርስ ግን 20 ሴንቲሜትር አካባቢ ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ድምፅ በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ይጻፋል ማለት ነው፣ ሹል ነገር እዛ ላይ ይቧጭራል። ስለዚህ ሃይሃትና ጭብጨባ የሞላበትን ትራክ መጀመሪያ፣ ለስለስ ያለውን መጨረሻ። የኔ ለ2 (የፊት ለ ሁለተኛው ትራክ) ማስንቆና ባስ ብቻ ያለበት ነው፣ የሚያበቃውም ቀስ እያለ ነው፣ ይሄ በድንገት የመጣ አይደለም።

5. ፋይሉና ቆረጣው

24 ቢት ዋቭ፣ የሰራችሁበትን ሳምፕል ሬት ሳትቀይሩ። ኤምፒስሪ ወደ ዋቭ ቀይሮ መላክ ማንንም አያታልልም። የፋይሉ ስም በካታሎግ ቁጥሩ (ሌብላችሁ ለሸክላው የሚሰጠው ቁጥር) እና በሸክላው ፊት ይሁን፣ 001 ሀ1፣ 001 ለ1፣ 001 ለ2፣ በላቲን ፊደል ጻፉት ምክንያቱም አንዳንድ ሲስተም ፊደላችንን ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀይረዋል። የትራኮቹን ደቂቃና ሰከንድ፣ ፍጥነቱን፣ በሁለት ትራክ መሀል ስንት ሰከንድ ዝምታ እንደሚገባ አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ ላኩ።

ሁለት ዓይነት ቆረጣ አለ። ላከር የሚባለው አሉሚኒየም ላይ የተቀባ ለስላሳ ሽፋን ላይ ነው የሚቆረጠው፣ ዲኤምኤም ደግሞ መዳብ ላይ። ዲኤምኤም ንጹህና ጥርት ያለ ነው፣ ግን ለባስ ሙዚቃ እኔ ላከሩን ነው የምመርጠው፣ ከበሮው ይበልጥ ወፍራም ሆኖ ይወጣል። ላከር የሚያመርት ድርጅት በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ነው፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ካሊፎርኒያ የሚገኘው አፖሎ ማስተርስ ተቃጥሎ ዓለም ሁሉ ተጨንቆ ነበር። ቆረጣውን ለፋብሪካው ከመተው የዳንስ ሙዚቃ የሚቆርጥ መሐንዲስ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ብታስቆርጡ ይሻላል፣ ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፣ ግን ችግሩን ሳይቆርጥ በፊት የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ሌላ የምወደው ነገር ልንገራችሁ። ሸክላ ላይ ሙዚቃው አልቆ ሌብሉ ከመጀመሩ በፊት ባዶ ቀለበት አለ፣ እዛ ላይ ካታሎግ ቁጥሩ በእጅ ተቧጭሮ ይጻፋል፣ ከፈለጋችሁ ሌላም ቃል ማስጻፍ ይቻላል። እኔ "ባሕር ዳር" ብዬ በፊደል እንዲጻፍልኝ ጠየቅሁ። መሐንዲሱ ፊደል አይቶ አያውቅም፣ በትልቁ በወፍራም እስክሪቢቶ ጽፌ፣ እያንዳንዱ መስመር ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ በቀስት አሳይቼ ፎቶ ላክሁለት። ሸክላው ሲመጣ መስኮት ጋ ይዤ ብርሃኑ ላይ ሳዘነብለው ቃሉ ብልጭ አለ፣ የ"ሕ" አንገቷ ትንሽ ዘመም ብላለች፣ "ዳ" እግሯ ረዝሟል፣ ግን ይነበባል። እንደዛ ዓይነት ነገር ስክሪን ላይ አይገኝም።

6. ሌብሉና ከረጢቱ

መሀሉ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት 10 ሴንቲሜትር ነው፣ መሀሉ ቀዳዳ። ሸክላው ሲጫን በሙቀቱ አብሮ ነው የሚጣበቀው፣ ሙጫ የለውም፣ ስለዚህ ፋብሪካው በሚሰጣችሁ ቴምፕሌት ላይ ብቻ ስሩ፣ ቀዳዳው አካባቢ ጽሑፍ አታስጠጉ። ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ ላኩት፣ ፎንቱ እነሱ ጋ ስለሌለ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይታተማል። የአዝማሪው ሙሉ ስም ከናንተ ስም እኩል መጠን ይሁን። የፊደል ግድፈቱን ሌላ ሰው ያንብብላችሁ፣ እናንተ የጻፋችሁትን እናንተ አታዩትም።

ከረጢቱን በተመለከተ ባለ ቀለም ካርቶን ብር ይበላል። ነጭ ወይም ቡናማ ከረጢት ገዝቶ በማህተም መምታት በአንደርግራውንድ ሀውስ የቆየ ልማድ ነው፣ እኔም ማህተሙን እዚሁ ከተማ አስቀርጬ ወደ አውሮፓ ከሚሄድ ዘመድ ጋር ነው የላክሁት፣ ጓደኛዬ እዛ 300ውን በእጁ መታ። ታንኳና ፔሊካን አታድርጉበት እባካችሁ፣ እሱ ለቱሪስት ነው።

7. ፋብሪካውና ቴስት ፕሬሲንግ

ከቆረጣው በኋላ ላከሩ በብር ይረጫል፣ ከዛ በኒኬል ይለበጣል፣ ከላዩ የሚነሳው ተገላቢጦሽ ቅርጽ "አባት" ይባላል፣ ከአባት "እናት" ትወጣለች፣ ከእናት ደግሞ ማተሚያው ስታምፐር። አንድ ስታምፐር እስከ 1000 አካባቢ ያትማል። ለ300 ኮፒ አንድ ጥንድ ይበቃችኋል። ክብደቱ 140 ግራም ይበቃል፣ 180 ግራም ድምፁን አያሻሽለውም፣ የሚጨምረው የመላኪያውን ዋጋ ነው።

ዋናውን ህትመት ከመጀመራቸው በፊት አምስት ያህል ቴስት ፕሬሲንግ (የሙከራ ህትመት) ይልካሉ። ይሄን እዛው ያለ ሰው ሰምቶ "ጥሩ ነው" ይበለኝ ብላችሁ እንዳታልፉት። ቢዘገይም አስመጡት፣ ራሳችሁ ስሙት፣ ሁሉንም አምስቱንም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ክረምት ከሆነ መብራቱ ስለሚወዛወዝ ማጫወቻውን በስታቢላይዘር ሰኩት፣ አለዚያ የማሽኑን ችግር ከሸክላው ችግር መለየት አትችሉም።

ስትሰሙ እንዲህ አድርጉ። ጠቅታ ከሰማችሁ ደቂቃውን ጻፉት፣ ሌላኛው ኮፒ ላይ እዛው ቦታ ካለ ችግሩ ስታምፐሩ ላይ ነው፣ አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ አቧራ ወይ ጭረት ነው። ትራኮቹ በትክክለኛው ፊት ላይ መሆናቸውን እዩ፣ ሀ እና ለ ተቀያይሮ የታተመ ብዙ ሸክላ አለ። ከዛ ደግሞ ቀዳዳው መሀል መሆኑን አረጋግጡ።

እኔ ላይ የደረሰው ይሄ የመጨረሻው ነው። ማታ፣ ጎረቤት ሁሉ ተኝቶ፣ ለ2ን እየሰማሁ ነበር፣ ጋሼ አንድ ረጅም ድምፅ የሚይዝበት ቦታ አለ፣ ድምፁ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ የሱ ማንቀጥቀጥ ነው ብዬ አሰብኩ። ስቆጥረው ግን ሁልጊዜ በእኩል ሰዓት ነው የሚመጣው፣ ሁለት ሰከንድ የማይሞላ። በ33 ፍጥነት አንድ ዙር 1.8 ሰከንድ ነው የሚፈጀው፣ በየዙሩ ድምፁ ከተንሻፈፈ ቀዳዳው መሀል አይደለም ማለት ነው። ዋናውን ፋይል ከፍቼ አነጻጸርኩ፣ እሱ ላይ የለም። ከአምስቱ ሶስቱ እንደዛ ነበሩ። ክንዱ ግራ ቀኝ ሲል በስልኬ ቪዲዮ ቀርጬ ላክሁላቸው፣ ማዕከሉን አስተካክለው ሌላ ቴስት ላኩ፣ ሁለት ወር ዘገየን። ፒያኖ ወይ ማስንቆ ያለበት ሙዚቃ ላይ ይሄ በደንብ ይታወቃል፣ ድራም ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳላውቀው አልፌው ነበር። አዎ ብላችሁ ካጸደቃችሁ በኋላ የሚመጣው ጣጣ የናንተ ነው፣ ስለዚህ ማጽደቂያውን ኢሜይል ማታ ደክሟችሁ አትላኩት።

8. ገንዘቡ

ቋሚ ወጪ አለ፣ ቆረጣው፣ ልበጣው፣ ቴስቱ፣ አንድ ኮፒም አሳተማችሁ ሺህ ያው ነው። ከዛ በእያንዳንዱ ኮፒ የሚጨምር ወጪ አለ። ለማስላት ያህል ብቻ ቋሚው 900 ዩሮ፣ የአንዱ ኮፒ ደግሞ ከነከረጢቱ 3 ዩሮ ነው እንበል። 100 ብታሳትሙ በጠቅላላው 1200 ይሆናል፣ አንዷ 12 ዩሮ አወጣች። 300 ብታሳትሙ 1800፣ አንዷ 6 ዩሮ። 500 ከሆነ 2400፣ አንዷ 4.80። ዲስትሪቢውተር (ለመደብሮች የሚያከፋፍለው) ደሞ መደብር ላይ ከሚሸጥበት ግማሽ አካባቢ ነው የሚገዛችሁ፣ በ7 ዩሮ ቢገዛችሁ በ100 ኮፒ ትከስራላችሁ፣ በ300 ትንሽ ይተርፋችኋል፣ 500 ላይ ጥሩ ይመስላል ግን 200 ካርቶን ውስጥ ከቀረ ትርፉ በሙሉ እዛ ተቀበረ። ለመጀመሪያ 300 ነው የኔ ምክር። የየፋብሪካውን እውነተኛ ዋጋ አምጥታችሁ በዚሁ ስሌት አስገቡት።

በጀቱን በብር አትያዙ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ሆኖ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ 100ን ሲያልፍ አይተናል፣ እኔ ያጠራቀምኩት ብር ቴስቱን እየጠበቅሁ እያለ ግማሽ ሆነ። ውጭ ያለ የምታምኑት ሰው ቢኖር ክፍያውም ሽያጩም በሱ በኩል ቢሄድ ይቀላል፣ ከሱም ጋር ግን ወረቀት ይኑራችሁ፣ ወንድምም ቢሆን።

ሌላው መንገድ ፕሬሲንግና ዲስትሪቢውሽን የሚባለው ውል ነው፣ ዲስትሪቢውተሩ የህትመቱን ወጪ ይከፍልና ከሽያጩ መጀመሪያ የራሱን ያነሳል፣ የተረፈውን ትካፈላላችሁ። ገንዘብ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው፣ ግን መቼ መቼ ሪፖርት እንደሚልኩና ያልተሸጠው የማን እንደሆነ ሳታስጽፉ አትፈርሙ። ባንድካምፕ በሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ቀድሞ ገንዘብ እየሰበሰቡ ማሳተምም ይቻላል።

9. ማድረስና ማስቀመጥ

300ውንም ወደ ኢትዮጵያ አታስመጡ። ገዢው አብዛኛው አውሮፓ፣ ጃፓንና አሜሪካ ነው፣ ሁለቴ ጉምሩክና ሁለቴ ፖስታ ለምን ትከፍላላችሁ። ከፋብሪካው በቀጥታ ወደ ዲስትሪቢውተሩና ወደ ጓደኛችሁ ቤት ይሂድ፣ እዚህ 30 ወይ 40 ይምጣ። የሀውስ ሸክላ ለሚሸጡ መደብሮች፣ ለምሳሌ በርሊን ላለው ሃርድ ዋክስ ወይ አምስተርዳም ላለው ረሽ አወር ዓይነት፣ ስትጽፉ አጭር አድርጉ፦ ማን እንደሆናችሁ ሁለት መስመር፣ የሚሰማበት ሊንክ፣ የኮፒው ብዛት፣ ዋጋው፣ የት እንዳለ። የሕይወት ታሪክ አይጻፍም። ዲስኮግስ (ሸክላዎች የሚመዘገቡበት ድረ ገጽ) ላይ ራሳችሁ መዝግቡት፣ የአዝማሪውን ስም፣ የቀዳችሁበትን ከተማ፣ ባዶው ቀለበት ላይ የተቧጨረውን ጭምር፣ ያለበለዚያ ሌላ ሰው ስሙን አሳስቶ ይመዘግበዋል።

ወደዚህ የመጡትን ሸክላዎች አቁሟቸው እንጂ አታስተኟቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ከተኛ የታችኛው ይጎብጣል። መስኮት ጋም መኪና ውስጥም አይቀመጡ፣ የባሕር ዳር ፀሐይ ባጃጅ ውስጥ በግማሽ ሰዓት ሸክላ ታጣምማለች፣ አንዷን እንደዛ አጥቻታለሁ። ክረምት ላይ ከመሬት ከፍ አድርጉ፣ እርጥበቱ ከረጢቱን ያሻግታል።

የአዝማሪውን ኮፒዎች ከመሸጣችሁ በፊት አውጥታችሁ ስጡት። ጋሼ ማጫወቻ የለውም፣ የኔን ይዤ ቤቱ ሄድኩ፣ ልጆቹ ተሰብስበው ሙሉውን ሰሙ፣ እሱ ሸክላውን ገልብጦ ስሙ ላይ አውራ ጣቱን አድርጎ ቆየ። የሱን ድርሻ በየስድስት ወሩ ነው የምንተሳሰበው፣ ከዲስትሪቢውተሩ የመጣውን ሪፖርት ይዤ እሄዳለሁ፣ በብር ስንት እንደሆነ በቀኑ ምንዛሬ እዛው አብረን እናሰላለን።

ቴስት ፕሬሲንጎቹን አትሽጡ፣ ዳግም ህትመት ሲመጣ የምታመሳክሩት በነሱ ነው። እናቷና ስታምፐሩ ፋብሪካው ጋ ስንት ዓመት እንደሚቀመጡም በኢሜይል አስጽፉ፣ ብዙዎቹ ጊዜው ሲያልፍ ሳይነግሯችሁ ያቀልጡታል።